ከበረት አጠገብ ማደር፦ የሁለት ሰው ዕረፍት በደቡብ ቲሮል እርሻዎች

የእርሻ ዕረፍት ገበሬው በሥራው ላይ ሳለ እንግዳው በይዞታው ውስጥ ባለች ጎጆ የሚያርፍበት የጉዞ ዓይነት ነው። ላሞቹ የሚታለቡት ወተታቸው የቤቱ ገቢ ስለሆነ ነው፤ ድርቆሹ የሚከመረውም ከብቱ የበረዶውን ወራት የሚሻገርበት ቀለብ ስለሆነ ነው። በአውሮፓ እንዲህ ያለ ዕረፍት በብዙ አገር ይገኛል። ሕግ ወጥቶለትና ወግ ይዞ የገበሬው ኑሮ አንድ ምሰሶ ከሆነባቸው አካባቢዎች አንዱ በሰሜን ጣሊያን ጫፍ የሚገኘው ደቡብ ቲሮል ነው። ከከተማ ጫጫታ ለጥቂት ቀናት መለየት የፈለጉ ባልና ሚስት እዚያ ምን እንደሚጠብቃቸው ለመረዳት ከጎጆዋ በፊት እርሻውን ማወቅ ይገባል፤ የጎጆዋ ሙቀት የሚመነጨው ከእርሻው ነውና።

ደቡብ ቲሮል ከኦስትሪያና ከስዊዘርላንድ የሚዋሰን፣ 7,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ዋና ከተማው ቦልዛኖ የሆነ ራስ ገዝ ግዛት ነው። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ የኦስትሪያ-ሃንጋሪ መንግሥት አካል ነበር፤ በ1919 በተፈረመው የሳን ዠርማን ውል ለጣሊያን ተሰጠ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚህ የተነሣ ዛሬም ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው አፉን የፈታው በጀርመንኛ ነው። ከቀሩት አብዛኞቹ ጣሊያንኛ ይናገራሉ፤ በጥቂት ሸለቆዎች ደግሞ ላዲን የተባለ ጥንታዊ ቋንቋ ይነገራል። የመንገድ ምልክቱ ቢያንስ በሁለት ቋንቋ ይጻፋል፤ በአብዛኛው የተራራ ገበሬ ቤት ግን ከምድጃው ዙሪያ የሚሰማው የአካባቢው ጀርመንኛ ነው።

ቦልዛኖ ከባሕር ጠለል በላይ 260 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት። ከእርሷ ወጥቶ ሽቅብ የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ የወይን ተክል፣ በአዲጀ ወንዝ ሸለቆ ደግሞ በሰልፍ የተተከለ ፖም ያገኛል። በአውሮፓ ኅብረት ከሚመረተው ፖም አሥር በመቶ ገደማ የሚወጣው ከዚህ ጠባብ አካባቢ ነው። ከፍታው ከ1,000 ሜትር ሲያልፍ ፍራፍሬው እየሳሳ ይሄድና ሣር፣ ደንና ከብት ይተካዋል። የተራራው ገበሬ ቤቱን የሚሠራው ከመንደር ተነጥሎ በገዛ ማሳው መካከል ነው። ከአንዱ ደጅ ሌላው ደጅ ለዓይን ይቀርባል፤ ለእግር ግን ይርቃል። ብዙዎቹ ቤቶች የመኪና መንገድ የገባላቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ዱቄቱም ሚስማሩም የሚወጣው በሰው ትከሻ፣ በእንስሳ ጀርባ ወይም በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሳብ ሣጥን ነበር። ሃፍሊንገር የተባለው ወርቃማ ቀለም ያለው አጭር ፈረስም የዚህ ተዳፋት ኑሮ ልጅ ነው፤ የዝርያው አባት የሚባለው ፎሊ በ1874 በሽሉደርንስ መንደር ተወለደ።

በብዙ ሸለቆዎች አንድ እርሻ ሁለት ዋና ቤት አለው። አንዱ ሰው የሚኖርበትና እሳት የሚነድበት ነው፤ ሌላው ከታች በረት፣ ከላይ የድርቆሽ ቆጥ ነው። ሁለቱ ተነጣጥለው የቆሙት እሳት ከአንዱ ተነሥቶ ሌላውን እንዳይበላ ነው፤ ቤት ቢቃጠል ከብት፣ ድርቆሽ ቢቃጠል ቤት እንዲተርፍ። በእነዚህ ዙሪያ ትናንሽ ቤቶች ይገኛሉ፦ የእህል ጎተራ፣ ወፍጮ ቤት፣ የዳቦ መጋገሪያ፣ እንዲሁም እርሻውን ለወራሽ ያስረከቡ አረጋውያን ባልና ሚስት የሚጦሩባት አነስተኛ ቤት። ዛሬ ለሁለት እንግዳ ከሚከራዩት ጎጆዎች አንዳንዶቹ እነዚሁ አሮጌ ቤቶች ታድሰው ነው፤ ሌሎቹ በዚያው መልክ አዲስ የተሠሩ ናቸው። ግድግዳቸው ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ተጠርቦ የተቆላለፈ ግንድ ነው፤ ጣሪያቸው በላርች ዛፍ ስንጥር ይከደናል። ለሁለት ሰው የሚበቃ ቤት በዚያ አገር ለእንግዳ ተብሎ የታሰበ አዲስ ነገር አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን አብረው የሠሩ ሰዎች ጉልበታቸው ሲደክም ከልጆቻቸው ሳይርቁ፣ ሳይጫኗቸውም የሚኖሩባት ቤት ነበረች።

የእነዚህን እርሻዎች ዕድሜ ያረዘመው የውርስ ሥርዓታቸው ነው። በቲሮል ልማድ እርሻው ለልጆች አይሸነሸንም፤ ቤቱ፣ ማሳው፣ ደኑና የግጦሽ መብቱ ሳይነጣጠሉ ለአንድ ወራሽ ያልፋሉ። ወራሹ ለእኅት ወንድሞቹ ድርሻቸውን በገንዘብ ይከፍላል። የድርሻው መጠን የሚሰላው መሬቱ በገበያ ቢሸጥ በሚያወጣው ዋጋ ሳይሆን ከእርሻው በሚገኘው ምርት ልክ ነው፤ አለዚያ ወራሹ ዕዳውን ለመክፈል እርሻውን መሸጥ ይገደድ ነበር። የጣሊያን መንግሥት ይህን ሥርዓት በ1929 ቢሽረውም ግዛቱ በ1954 በራሱ ሕግ መለሰው፤ በ2001 ደግሞ አድሶ ወንድ ልጅን ከሴት የሚያስቀድመውን አሮጌ ድንጋጌ አስቀረ። ከ200 ዓመት በላይ በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየ እርሻ «ኤርብሆፍ» የሚል የክብር ስም ያገኛል፤ ምልክቱም በቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሥርዓቱ ዋጋ አስከፍሏል። ወራሽ ያልሆኑት ልጆች ብዙ ጊዜ ወደ ከተማ ወይም ወደ ሌላ አገር መሰደድ፣ አለዚያም በወንድማቸው ቤት ሠራተኛ ሆነው ማርጀት ነበረባቸው። ማሳው ሳይቆራረስ ለዛሬ የደረሰው በእነርሱም ድርሻ ነው፤ ይህን የሚያውቅ እንግዳ የቤቱን ዕድሜ ከነክብደቱ ያያል።

እንግዳ መቀበልም የራሱ ሕግ አለው። ጣሊያን የእርሻ ላይ መስተንግዶን ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የደነገገችው በ1985 ነው፤ ሕጉ በ2006 በሌላ ተተካ። የሁለቱም ዋና ሐሳብ አንድ ነው፦ እንግዳ መቀበል የሚችለው ገበሬ ብቻ ነው፤ መስተንግዶው ከእርሻ ሥራው ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፤ እርሻው ሁልጊዜ ይበልጣል። ላሞቹን ሸጦ በረቱን መኝታ ቤት ያደረገ ሰው ሆቴል ከፈተ እንጂ የእርሻ ዕረፍት አልሰጠም፤ ግብሩም ፈቃዱም ይለወጣል። በደቡብ ቲሮል በዚህ ላይ የክፍሎቹ ቁጥር የተወሰነ ነው። በ1904 የተመሠረተው የገበሬዎች ማኅበር እንግዳ የሚቀበሉትን እርሻዎች በቀይ አውራ ዶሮ ምልክት ሥር ያሰባስባል። ከ1,500 የሚበልጡ እርሻዎች ምልክቱን ይዘዋል፤ ደረጃቸውም ሆቴሎች በኮከብ እንደሚለዩት በአበባ ቁጥር ይታወቃል። ምዘናው አልጋውንና መታጠቢያ ቤቱን ብቻ አያይም፤ ከእርሻው የሚቀርበውን ምግብና እንግዳው የገበሬውን ሥራ የሚያይበትን ዕድልም ይመለከታል።

የአሮጌው የገበሬ ቤት እምብርት «ሽቱበ» የሚባለው ክፍል ነው። ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው በእንጨት የተለበጠ ነው፤ በከፍታ ቦታ ያሉት የሚመርጡት «ጺርበ» የተባለውንና ሽታው ለዓመታት የማይጠፋውን የተራራ ጥድ ነው። በአንዱ ጥግ ገበታ አለ፤ ከበላዩ መስቀል ተሰቅሏል። በተቃራኒው ጥግ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ በኖራ የተለሰነ ትልቅ ምድጃ ይቆማል። የምድጃው አፍ በሽቱበው ውስጥ የለም፤ እንጨቱ የሚጨመረው ከግድግዳው ማዶ፣ ከማድ ቤቱ ወይም ከመተላለፊያው በኩል ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ ጭሱና አመዱ ግን በውጭ ይቀራል። ማታ የተማገደ እንጨት ድንጋዩን አግሎ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ለሰዓታት ያሞቃል። በምድጃው ዙሪያ የእንጨት መቀመጫ ይዞራል፤ ከበላዩም በርዶት የገባ ሰው የሚጋደምበት ርብራብ ተሠርቷል። እርጥብ ልብስ የሚደርቅበት፣ ሽማግሌ ወገቡን የሚያስደግፍበት፣ ልጅ የሚተኛበት ቦታ ይህ ነበር። በታደሱት ጎጆዎች ምድጃው በመጠን ያንስ ይሆናል፤ ሥራው ግን ያው ነው፤ ሁለቱ እንግዶች ከበረዶ ገብተው ጀርባቸውን የሚሰጡት ለእርሱ ነው።

የእርሻውን ቀን የምትከፍተው ላም ናት። የጠዋቱ አለባ የሚጀመረው ማለዳ ነው፤ በአብዛኛው ከስድስት ሰዓት ባልራቀ የአውሮፓውያን ሰዓት፣ በሐበሻው አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ። በጎጆዋ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው የበረቱ በር ነው፤ ቀጥሎ ሰንሰለት ይንቀጫቀጫል፤ ከዚያ የማለቢያው ማሽን ወጥ ምት ይጀምራል። በረቱ ብዙ ከብት የለውም፤ በደቡብ ቲሮል አማካይ የወተት ገበሬ ያለው ከሃያ የማይበልጥ ላም ነው፤ እያንዳንዷም በስም ትታወቃለች። ገበሬው ጡቷን ጠርጎ የመጀመሪያውን ወተት በእጁ አልቦ ያያል፤ ቀለሙ ተለውጦ ወይም ጓጉሎ እንደሆነ የጡት ሕመም ምልክት ነውና። ማሽኑን የሚያስገባው ከዚህ በኋላ ነው። ሌላው ሰው ፍጉን ይጠርጋል፣ ድርቆሽ ያወርዳል፣ ጥጆቹን ያጠባል። ወተቱ ቀዝቅዞ ገበሬዎቹ ራሳቸው ባቋቋሙት የኅብረት ሥራ ማኅበር መኪና ይወሰዳል፤ የጋራ ማኅበር ባይኖር ጥቂት ላም ያለው የተራራ ገበሬ ከገበያው ጋር ብቻውን ሊደራደር አይችልም ነበር። ማታም ይኸው ሥራ ይደገማል፤ በእሑድም፣ በበዓልም፣ በሠርግ ቀንም።

ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ሥራው ወደ ድርቆሽ ይዞራል። በሸለቆው ግርጌ ሣሩ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጨዳል፤ ወደ ላይ ሲወጣ አንድ ጊዜ ብቻ። የታጨደ ሣር ዝናብ ከመታው ይጠቁራል፣ ጣዕሙንም ያጣል። ስለዚህ ገበሬው የአየር ትንበያውን ያዳምጣል፣ ሰማዩንም ያያል፤ ሁለት ሦስት ብራ ቀን ሲያገኝ ቤተሰቡ በሙሉ ይወጣል። ለተዳፋት የተሠሩ ሰፊ ጎማ ያላቸው ማጨጃዎች ቢኖሩም ማሽን የማይቆምበት ቁልቁለት ዛሬም ረጅም እጀታ ባለው ማጭድ ይታጨዳል። ሣሩ ይበተናል፣ በመንሽ ይገለበጣል፣ ሲደርቅ ወደ ቆጡ ይገባል። በሽሌርን ተራራ ሥር በፎልስ አካባቢ ከፍታ ላይ ያድሩ የነበሩ አጫጆች በትኩስ ድርቆሽ ውስጥ ተኝተው ሲነሡ ድካማቸው ይለቃቸው ነበር፤ በዚያ መንደር ለእንግዳ የሚሰጠው የድርቆሽ መታጠቢያ ከዚሁ ልማድ የወጣ ነው። ብዙ ገበሬዎች ማገዝ የሚፈልግ እንግዳ መንሽ ይዞ ቢሰለፍ ደስ ይላቸዋል፤ አቅሙን አይቶ ቀላሉን ቦታ መስጠት ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ገበታውም የዚያው ሥራ ውጤት ነው። ለቁርስ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ከቤቱ ፍራፍሬ የተሠራ ማርማላታ ይቀርባል። ዳቦው «ሹትልብሮት» ይባላል፤ ራይ ከተባለው የብርድ አገር እህል የሚጋገር፣ እንደ ቂጣ የሳሳ፣ የሚሰባበር ደረቅ ዳቦ ነው። ድሮ ገበሬው ምድጃውን ለዳቦ የሚያነደው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለነበር ለወራት የሚቆይ ዳቦ ያስፈልገው ነበር። ሊጡ የሚቀመመው በድንብላል፣ በእንስላል ዘርና በአካባቢው በሚበቅል የአብሽ ዘመድ ነው፤ አብሽ በቤቱ የሚጠቀም ሰው መዓዛውን ሳይነገረው ይለየዋል። የቆየ ዳቦ አይጣልም፤ በወተትና በእንቁላል ታሽቶ እየተድቦለቦለ ይቀቀልና «ክኖድል» ይሆናል። «ሽፔክ» የሚባለው ጭስ የገባውና በአየር የደረቀ ሥጋ ከአሳማ የሚሠራ ነው፤ አሳማ የማይበሉ ወይም ጾም የያዙ እንግዶች አስቀድመው ቢናገሩ ገበታው በዚያው ልክ ይሰናዳል። በመጸው፣ ወይኑ ከተለቀመ በኋላ፣ ከገበሬ ቤት ወደ ገበሬ ቤት እየተጓዙ አዲሱን ወይን ጠጅ ቼስትነት ከተባለ የተጠበሰ የዛፍ ፍሬ ጋር መቅመስ የቆየ ወግ ነው፤ «ቶርገለን» ይሉታል።

ዓመቱ የሚዞረው በከብቱ መውጣትና መውረድ ነው። ሰኔ ላይ ጊደሮቹና ወተት ያልያዙት ላሞች፣ አንዳንድ ቦታ የሚታለቡትም ጭምር፣ በከፍታ ላይ ወዳሉት የግጦሽ መስኮች ይወጣሉ። ከእነዚህ መስኮች ትልቁ ዛይዘር አልም ነው፤ 56 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ በአውሮፓ ካሉት የከፍታ ግጦሾችም ሰፊው እርሱ ነው። ከብቱ ከላይ ሲሰነብት ከታች ያለው ማሳ አርፎ ለድርቆሽ ይበቅላል። መስከረም ላይ መንጋው ወደ ቤት ይመለሳል። በወራቱ በከብትም በሰውም ላይ አደጋ ካልደረሰ መሪዋ ላም በአበባና በቅጠል አክሊል አጊጣ፣ ትልቅ ቃጭል አስራ ከፊት ትሄዳለች፤ ሐዘን ከደረሰ አክሊል የለም። ከሽናልስ ሸለቆ የሚነሡ በጎች ደግሞ በረዶ ያለበትን የተራራ ሰንሰለት ተሻግረው በኦስትሪያ በኩል ባለው ኦትስ ሸለቆ ይግጣሉ። መንጋን በየወቅቱ የማንቀሳቀስ ልማድ በ2019 በኦስትሪያ፣ በግሪክና በጣሊያን አቅራቢነት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል።

ለሁለት ሰዎች ይህ ሁሉ ምን ይጨምራል? በከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት ቀናቸውን የሚቀበሉት ተከፋፍሎ ነው፤ አንዱ በአንድ ሰዓት ይወጣል፣ ሌላው በሌላ ሰዓት ይገባል፤ ማታ የሚገናኙት ሁለቱም ሲደክማቸው ነው። እርሻው ለሁለቱም አንድ ሰዓት ይሰጣቸዋል። አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ወተት ሊያመጡ ወደ በረቱ ይወርዳሉ፣ ሲመሽ አንዱ እንጨት ይዞ ሲገባ ሌላው እሳቱን ያያል። ባዶ ዕረፍት ሰውን ለሰው ያከብዳል፤ የሚያወሩት ሲያልቅ አንዱ ሌላውን የማጫወት ዕዳ ይወድቅበታል። ሥራ ባለበት ቦታ ግን ሁለቱ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ሦስተኛ ነገር አለ። አዲስ የተወለደችው ጥጃ ቆመች ወይ? ዝናቡ ድርቆሹን ይቀድመዋል ወይ? ወሬው ከዚያ ይነሣና ሳይታሰብ ወደ ገዛ ኑሯቸው ይደርሳል። በበረቱና በጎጆዋ መካከል ያለው አጭር መንገድ ለብዙ ጥንዶች ከረጅም የተራራ ጉዞ የበለጠ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዳው የሚጠበቅበት ምግባር ጥቂትና ግልጽ ነው። ያልታጨደ ሣር መካከል አይኬድም፤ ለከተማ ሰው መስክ የሚመስለው ለገበሬው የላሞቹ እህል ነው፤ የተረገጠ ሣርም ለማጭድ አይመችም። የከፈቱት የአጥር በር ይዘጋል። ጥጃ ያላት ላም አትቀረብም፤ ውሻ ይዞ በመንጋ መካከል ማለፍ በተለይ አደገኛ ነው። ውሻ ያቆሸሸው ሣር ከብት ያሳምማልና የውሻው ባለቤት ይጠርጋል። በረት የሚገባው ገበሬውን ጠይቆ ነው። የበረት ሽታና የማለዳ ድምፅ ደግሞ የቤቱ አካል ናቸው፤ ይህን የማይወድ ሰው ሌላ ማረፊያ ቢፈልግ ለራሱም ለገበሬውም ይሻላል።

ወቅቱን መምረጥ የጉዞውን መልክ ይወስናል። በሚያዝያ የሸለቆው ፖም ያብባል፣ ላይኛው ማሳ ግን ገና በረዶ አለው። ሰኔና ሐምሌ የድርቆሽ ወራት ስለሆኑ ገበሬው ለጨዋታ ጊዜ የለውም፤ ሥራ ማየት ለሚሹ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጊዜ የለም። መስከረም የከብቱ መመለሻ፣ ጥቅምት የወይንና የቼስትነት ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በረዶው ሁሉን ይዘጋል፤ ላሞቹ በበረት ናቸው፣ ገበሬውም ለወሬ ይቀመጣል፣ ምድጃው ከሁሉ ይልቅ ይፈለጋል። መድረሻ መንገዱ ቀላል ነው። በ1867 የተከፈተው የብሬነር ባቡር መስመር ከኢንስብሩክ ተነሥቶ 1,370 ሜትር ከፍታ ባለው መተላለፊያ አልፎ ቦልዛኖ ይደርሳል፤ ከደቡብ የሚመጣም ከቬሮና በዚሁ ሐዲድ ይወጣል። ከዚያ አውቶቡስ ወደየሸለቆው ይሄዳል፤ ብዙ ማረፊያዎችም ለእንግዳቸው የሕዝብ ማመላለሻ የሚያስጠቅም ካርድ ይሰጣሉ። ከመጨረሻው ፌርማታ እስከ ጎጆዋ ያለውን ዳገት በተመለከተ ከባለቤቱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል።

የእንግዳው ክፍያ ለተራራው ገበሬ ትርፍ ገንዘብ ብቻ አይደለም። የወተት ዋጋ በቁልቁለት ላይ የሚፈሰውን ላብ አይሸፍንም፤ ብዙ ገበሬዎች ከእርሻው ውጭ ሌላ ሥራ ይዘዋል። የጎጆዋ ኪራይ ለአንዳንዱ ቤት ያን ሌላ ሥራ የሚተካ፣ ለሌላው የበረቱን ጣሪያ የሚያስጠግን፣ ለወራሹም ልጅ በአባቱ ማሳ ለመቅረት የሚያስደፍር ገቢ ነው። ድካሙ ደግሞ በብዛት የሚወድቀው በቤቱ ሴት ላይ ነው፤ አልጋ የምታነጥፈው፣ ቁርስ የምታቀርበው፣ ስልክ የምታነሣው ብዙውን ጊዜ እርሷ ናት፤ በበረቱ ሥራም ድርሻዋ አይቀርላትም። መስተንግዶው ከእርሻው በልጦ ሲገኝ ማሳው ይጠፋል፤ ማሳው ሲጠፋ ደግሞ እንግዳ የሚመጣለት ነገር አይኖርም። ሕጉ እርሻውን የሚያስቀድመው ይህን ሰንሰለት ለመጠበቅ ነው። እንግዶቹም በበኩላቸው ወተቱንና አይቡን ከቤቱ በመግዛት፣ የገበሬውን ሰዓት በማክበር፣ ከመከር ግርግር ውጭ ባለው ወቅትም በመምጣት ይጠብቁታል። ሁለት ሰዎች ለጥቂት ቀናት ያረፉባት ጎጆ ለሚቀጥለው ትውልድ የምትቆየው አጠገቧ ያለው በረት ከብት እስካልጎደለበት ድረስ ብቻ ነው።